በመቀነት የታሰረ ትኩስ ውሃ

ጣይባ ተቀምጣ የማትሸጥ ነጋዴ ናት። መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ሻሽና ሂጃብ የሚሸጡት ሌሎቹ ሴቶች ዱካቸው ላይ ተደላድለው፣ እግራቸውን ዘርግተው ደንበኛ ይጠብቃሉ። እሷ ግን ከሱቋ ደጃፍ እስከ በርበሬ ተራ፣ ከበርበሬ ተራ መልሳ እስከ ደጃፏ ትመላለሳለች። ብትቀመጥ ትቁነጠነጣለች፤ ብትቆም በአንድ እግሯ ታርፋለች፤ ደንበኛ ሻሹን እየዳሰሰ ሲያመነታ ጥርሷን ነክሳ ግድግዳውን ትደገፋለች። ገበያተኛው «ይቺ ወሎዬ እሳት የላሰች ናት፤ እግሯ አያርፍም» ይላል። ከእምብርቷ በታች ያለውን እሳት የሚያውቅ አልነበረም።

መድኃኒቷ አንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሻይ ቤቱ ውሃ ታስሞላለች፤ የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን እንዳያጨማትረው ትንሽ ቀዝቃዛ ትቀላቅልበታለች። ከዚያ በአሮጌ ሻሽ ጠቅልላ፣ ከሆዷ ጋር በመቀነት ጥፍር አድርጋ ታስረውና ሰፊ ቀሚሷን ታወርድበታለች። ሙቀቱ እስካለ ድረስ ሰው ትሆናለች። ሲቀዘቅዝ እንደገና ወደ ሻይ ቤቱ።

ሕመሙ የጀመራት ገና ልጅ ሳለች፣ የወር አበባዋን ባየች ሰሞን ነው፤ ያኔ የሚኖሩት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነበር። መሬት ላይ ስትንከባለል ያዩ ሴቶች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ስታገቢ ይለቅሻል።» እናቷ ሀፊሳ ይህን ሰምታ ስለት ገባች። ልጄ ተድራ ሕመሙ ከለቀቃት በግ አርዳለሁ አለች። ጣይባም ለሳሊህ ተዳረች፤ መቀሌም መጣች። የሙሽርነቷ ሰሞን እናቷ ደውላ «ለቀቀሽ ወይ?» ስትላት፣ አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው ስለነበር «ለቆኛል እማ» አለች። ሌላ ምን ትበል? ገና ከጫጉላ ሳትወጣ፣ ባሏ አልጋው ላይ ሲነካት ጭምር እንደሚያማት በስልክ ታውራ? ሀፊሳ ወዲያው በጉን አረደች፤ ሰፈሩ በላ፤ ዱዓ ተደረገ። የተበላ ስለት ደግሞ አይመለስም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የጣይባ ዝምታ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነቀዘ። ሕመሙ ከወር አበባዋ ቀን አልፎ በማንኛውም ቀን የሚመጣ ሆነ። ልጅም አልመጣም። ሳሊህ ደግ ሰው ስለሆነ አንድ ቀን እንኳ አላሳቀቃትም፤ ወገቧን የሚያማት ይመስለዋል፤ ከኮምቦልቻ ዕቃ ጭኖ በተመለሰ ቁጥር አንድ የወገብ ቅባት ይዞላት ይመጣል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቅባቱ ተደርድሯል።

ይሄ ሁሉ በእሷ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ተሸክማው ትኖር ነበር። ግን ታናሽ እህቷ ሒክማ አለች። ሒክማ የምትኖረው እሷ ጋ ነው። ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ዓመታት ስለበላባት፣ በሃያ ዓመቷ ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የመልቀቂያ ፈተናው ደርሶባታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተደወለ፤ ሒክማ ክፍል ውስጥ ወድቃለች። ጣይባ ሱቋን እንኳ ሳትዘጋ ባጃጅ ውስጥ ገባችና እህቷን ደግፋ ሓድነት ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰደቻት።

ዶክተር ሰላማዊ የምትባለዋ ሐኪም የማትቸኩል ሴት ናት። ወንበሯን ወደ ሒክማ አስጠግታ መጠየቅ ጀመረች። ሕመሙ ከደሙ በፊት ነው የሚመጣው ወይስ አብሮ?

«በፊትም፣ አብሮም፣ በኋላም» አለች ጣይባ።

ወደ ጭንሽ ይወርዳል? ሽንት ቤት ስትቀመጪ ይወጋሻል?

«እንደ ቢላ ነው የሚወጋ። ሰው እንዳይሰማ ሻሼን ነው የምነክሰው።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እኔ የጠየቅሁት እሷን ነው። አንቺ የምትመልሺልኝ ግን የራስሽን ነው።»

ሒክማ ሕመሟን ረስታ እህቷን አየቻት። ጣይባ መቀነቷን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬቱን ታያለች፤ አፍራለች፣ ተናዳለች፣ ደግሞ ማልቀስ ፈልጋለች።

«ይህ ሕመም ስም አለው» አለች ዶክተሯ ለሁለቱም። «ማሕፀን ከውስጥ ሽፋን አለው። በየወሩ ይፈርስና በደም ይወጣል። አንዳንድ ሴት ላይ ያን የሚመስል ነገር ከማሕፀን ውጭ ይበቅላል፤ እንቁል እጢ ላይ፣ አንጀት አጠገብ። እሱም በየወሩ ይደማል፤ መውጫ በር ግን የለውም። እዚያው ይቆስላል፣ ጎረቤቱን ሁሉ እያጣበቀ ጠባሳ ይሠራል። ኢንዶሜትሪዮሲስ እንለዋለን። በአልትራሳውንድ ሁልጊዜ አይታይም፤ ስላልታየ የለም ማለት አይደለም። የሒክማ ምልክቱ ወደዚያ ይመራኛል። የአንቺ ደግሞ ከእሷም ይብሳል።»

«ስታገባ አይለቃትም?» አለች ጣይባ። መልሱን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ ግን ከሌላ አፍ መስማት ፈለገች።

«ባል መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ፋርማሲ ይሸጥ ነበር።»

ሒክማ ሳቀች፤ ሳቁ አመማትና ሆዷን ያዘች።

«ስትወልድስ?»

«እርግዝና ለጊዜው ሊያስታግሰው ይችላል። አያድነውም። ስለዚህ ማስታገሻውን ሕመሙ አናቷ ላይ እስኪወጣ አትጠብቅ፤ ገና ሲጀምራት፣ ምግብ በልታ ትውሰድ። ሙቀት ጥሩ ነው፤ መንቀሳቀስም ጥሩ ነው። ደሙን የሚያሳንስ የሆርሞን ክኒን አዝዝላታለሁ። ሰው ለወሊድ መቆጣጠሪያ ነው የሚያውቀው፤ ለእሷ ግን የሕመም መድኃኒት ነው። በዚህ ካልተሻላት ቀዶ ሕክምና አለ። ነቅሎ የሚያጠፋው እስካሁን አልተገኘም፤ እንዳይገዛት አድርገን ግን እንይዘዋለን።» ከዚያ ወደ ጣይባ ዞረች። «አንቺ ለብቻሽ ትመጪያለሽ። እንደማትወልጂ አልነገርኩሽም፤ መመርመር አለብሽ ነው ያልኩሽ። በጃኺ፣ እባክሽ፣ አትቅሪ።»

ከክሊኒኩ ሲወጡ ሒክማ ክኒኑን እህቷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ያላገባች ልጅ እንዲህ ያለ ክኒን ይዛ ብትገኝ ማን ማብራሪያ ይሰማል?

አሁን ወደ ኣደይ ሉላ እንምጣ፤ ነገሩን ያቀጣጠሉት እሳቸው ናቸውና። ኣደይ ሉላ ከጣይባ ሱቅ ትይዩ በርበሬ የሚሸጡ፣ ልባቸው የፈሰሰ ማር፣ አፋቸው ግን ክዳን የሌለው ማሰሮ የሆነ ሴት ናቸው። ጣይባ ከላይኛው መስቀያ ሂጃብ ለማውረድ ስትንጠራራ ቀሚሷ ተወጠረ፤ ሃይላንዱ ከሥር ክብ ብሎ ታየ። ኣደይ ሉላ መስፈሪያቸውን ጥለው እየበረሩ መጡ።

«ጣይባ ጓለይ! ልጄ፣ ከእኔ ደበቅሽ?»

«አይደለም ኣደይ፣ ይሄ እኮ...»

«ሽሽ! ዝም በዪ! የሰው ዓይን ክፉ ነው፤ እስኪገፋ ድረስ ስሙም አይነሣም።» ይህን ብለው ግንባሯን ሳሟት፤ እንባቸው ጉንጯ ላይ ቀረ። ጣይባ ደግማ አፏን ስትከፍት በመዳፋቸው ዘጉት።

ስሙ አይነሣም ያሉት ሴትዮ፣ ጣይባ ወደ ሻይ ቤቱ ዞር እስክትል ነው የጠበቁት። ባልየውማ ባዕድ አይደለም ብለው ለሳሊህ ደወሉ። ሳሊህ ዕቃ ሊያመጣ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ መንገድ ላይ ሐይቅ ከአማቱ ቤት ምሳ እየበላ ነበር።

«የምሥራች!» አሉት።

«ምሥር ይብሉ!» አለ እሱ፤ ከዚያ የሰማውን ሰምቶ ጉርሻው ከእጁ ወደቀ።

ወዲያው ለጣይባ ደወለ። «እውነት ነው?»

«ሳሊህ፣ ስማኝማ...»

«በስልክ አትናገሪ! ዝም በይ፣ ዝም ብቻ። እማም ሰምተዋል። ይዣቸው እየመጣሁ ነው።» መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች፤ የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም። ጣይባ ስልኳን ይዛ ከደጃፍ በርበሬ ተራ፣ ከበርበሬ ተራ ደጃፍ ተመላለሰች። እግሯ ማረፍ አልቻለም።

ሀፊሳ የመጣችው ባዶ እጇን አልነበረም። ማር፣ ቅቤ፣ አብሽ፤ ደግሞ አንድ የቆረጠ ልብ። መቀሌ ሰሜን ውስጥ የሴራሚክ ሱቅ ያለው አብዱሰመድ የሚባል የወሎ ልጅ ሒክማን ለትዳር ከጠየቀ ቆይቷል። ክፉ የማይወራበት ልጅ ነው። ሀፊሳ ግን ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ እያለች ስታመነታ ከርማ ነበር። አሁን ማመንታቱ አለቀ።

«አየሻት እህትሽን!» አለቻት ሒክማን፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። «ትዳር ሕመሟን አስለቀቀላት፤ አሁን ደግሞ አላህ ማሕፀኗን ከፈተው። አንቺ እዚህ በየወሩ እየወደቅሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የአብዱሰመድ አጎት ሸህ አብዱልወዱድ ይመጣሉ። እሺ እላለሁ።»

«ፈተናዬስ እማ?»

«ፈተናው የትም አይሄድ። መጀመሪያ ትዳኚ።»

ጣይባ እናቷን ጓዳ ወስዳ «እማ፣ እኔ እኮ አላረገዝኩም» ልትል ነበር። «እማ፣ እኔ እኮ...» እንዳለች የሀፊሳ መዳፍ አፏ ላይ ነበር። ሳሊህንም ሞከረችው። እሱ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ እየሳቀ ሸሸ። እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። የጓሮውን በር ሲያድስ፣ የተሰበረውን መስኮት ሲያበጅ፣ መንዙማ ሲያንጎራጉር ዋለ። ጣይባ ይህን ሳቅ እንዴት ነው የምትነጥቀው? ነጥቃውስ በምን ታኖረዋለች? ሌላ ሴት ቢያምረውስ? ፈራች፤ ከሕመሙ ይልቅ ያንን ፈራች።

ዓርብ ጠዋት ሒክማ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«እኔን የሚድሩኝ ለመድኃኒት ነው። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚመሰክሩት ደግሞ በአንቺ ነው። አንቺ ካልነገርሻቸው እኔን ማን ያምነኛል?»

የጣይባ ሆድ ከንጋት ጀምሮ ይጠዘጥዛል። ሃይላንዱን ሞልታ፣ መቀነቷን ጥፍር አድርጋ አሠረችና ወደ ሳሎን ትሪ ይዛ ገባች፤ ወጣች፤ ገባች።

ከጁምዓ በኋላ ሸህ አብዱልወዱድ መጡ። ነጭ ጢማቸው የተበጠረ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሽማግሌ ናቸው። ሳሊህ ከጎናቸው፣ ሀፊሳ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኣደይ ሉላም የምሥራቹ ባለቤት ናቸውና ነጠላቸውን አጣፍተው ጥግ ይዘዋል። ሒክማ ከመጋረጃው ኋላ ናት፤ እግሯ ብቻ ይታያል። ጣይባን «ተቀመጪ እንጂ» አሏት። ተቀመጠች፤ ወዲያው ተነሣች። «ያረገዘች ሴት እንደዚህ ናት» የሚል ፈገግታ ክፍሉን ዞረ።

ነገሩ አልረዘመም። ሸህ አብዱልወዱድ ጠየቁ፤ ሀፊሳ «ልጃችሁ ልጃችን ነው» አለች። የቀረው ዱዓው ብቻ ነበር። ዱዓ ተደርጎ አሚን ከተባለ በኋላ ቃል አይታጠፍም፤ ይህን ከመጋረጃው ኋላ ያሉት እግሮችም ያውቃሉ። ሽማግሌው ሁለት መዳፋቸውን ከፈቱ። ሁሉም ከፈተ።

«ያ አላህ፣ ይህን ትዳር የበረካ አድርገው።»

«አሚን!»

«ለሒክማ ጤናዋን፣ ለእህቷ ለጣይባ እንደሰጠሃት፣ ስጣት።»

«አሚን!» አሉ፤ ኣደይ ሉላም በጥጋቸው «ኣሜን» አሉ።

«ጣይባንም በሆዷ ያለውን በሰላም አገላግላት።»

«አሚን!» ሳሊህ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

የጣይባ አፍ አልተከፈተም። ለሰው ዘጠኝ ዓመት ዋሽታለች፤ ለእናቷ፣ ለባሏ፣ ለገበያው። መዳፍ ተከፍቶ ለአላህ ግን እንዴት ይዋሻል? ሽማግሌው አሚኗን እየጠበቁ ቀና ብለው አዩዋት። ሳሊህም ዓይኑን ገለጠ።

«አሚን አልልም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች ሀፊሳ።

ጣይባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከቀሚሷ ሥር ዳብሳ መቀነቷን ፈታችና የተጠቀለለውን ሃይላንድ አወጣች። ሻሹን ገልጣ ጠርሙሱን ትሪው ላይ፣ ከተምሩ አጠገብ አቆመችው። ሆዷ ወዲያው ጠፍጣፋ ሆነ።

«በሆዴ ያለው ይሄ ነው» አለች። «ትኩስ ውሃ። ሕመሙ አንድ ቀንም ለቆኝ አያውቅም እማ። ሳላገባም ነበር፤ አግብቼም አለ፤ እንዲያውም ባሰብኝ። የሒክማም እንደኔው ነው። ሐኪም አይታናለች፤ ስም አለው፣ ትዳር አያድነውም። እኔን አይታችሁ እሷን እንዳትድሯት።»

«ዋይ ኣነ!» አሉ ኣደይ ሉላ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው። «እኔ ነኝ! ይቺ ምላሴ!»

ሳሊህ ጠርሙሱን ያየዋል። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ሲወርድ ጣይባ አየችው፤ ዓይኗን ግን አላሸሸችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ በስተመጨረሻ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረውም።

«ዝም በይ አልከኝ።»

«የአሁኑን አይደለም። ያን ሁሉ ቅባት ስገዛልሽ።»

ጣይባ አለቀሰች። ሳሊህ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ያደሰው በር ሲከፈት ተሰማ። ሸህ አብዱልወዱድ መዳፋቸውን እያጠፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዱዓው ይቆየን» አሉ። «እማ ሀፊሳ፣ ቃሉ የእርስዎ ነው፤ እኔ አልያዝኩትም።»

ሁሉም ሀፊሳን ጠበቀ። ሀፊሳ ግን ማንንም አትሰማም። እጇን ዘርግታ ጠርሙሱን ከትሪው አነሣች፤ መዳፏ ላይ አገላበጠችው። ከዚያ፣ ማንም ቦታውን ሳያሳያት፣ ከእምብርቷ በታች በስተቀኝ በኩል ለጠፈችው፤ ልክ ጣይባ የምታስርበት ቦታ ላይ። ዓይኗን ጨፈነች።

«ቀዝቅዟል» አለች።

«እማ?» አለች ሒክማ። መጋረጃውን ገልጣ ወጥታለች።

«በእኔ ጊዜ ሃይላንድ የለ» አለች ሀፊሳ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ድንጋይ ነበር የማግል። ምድጃ ውስጥ ከትቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ። ቆዳዬ ተልጧል፤ ዛሬም ጠባሳው አለ። እኔንም ስትዳሪ ይለቅሻል አሉኝ። እናቴ ለቀቀሽ ወይ ስትለኝ፣ ለቀቀኝ አልኳት።»

ጣይባ እናቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻት፤ ልጅ ሳለች እናቷ ምድጃው አጠገብ ጎንበስ ብላ የምታገላብጠው ድንጋይ ትዝ አላት። ለዳቦ ይመስላት ነበር።

ሀፊሳ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሣች። «ሸህ አብዱልወዱድ፣ አፉ ይበሉን። ልጄ ፈተናዋን ትፈተናለች፤ ሐኪሟንም ታያለች። አብዱሰመድ መጠበቅ ከቻለ ከዚያ በኋላ እሷን ራሷን ይጠይቃት።» ከዚያ ጠርሙሱን ይዛ ወደ ጓዳ አቀናች፤ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ሒክማ፣ ውሃ ጣጂ። ብዙ አድርገሽ ጣጂው፤ ሦስት ነን።»